ያልተጠራው የደርባቴ ስም

የእህቴ የሰናይት የሕይወት ታሪክ የተጻፈበት ወረቀት ከቀብሯ ጀምሮ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነው። ሁለት መስመር በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሰርዞበታል። ባወጣሁት ቁጥር ከሐዘን ይልቅ ንዴት ይይዘኛል። ከተሰረዙት ስሞች አንዱን ሰናይት በልጅነታችን እንዴት እንዳገኘችው ካልጻፍኩ ንዴቴ ለማንም አይገባም።

እኔ ሁለተኛ ክፍል፣ እሷ ስምንተኛ ክፍል እያለን፣ የአባታችን ታላቅ ወንድም ጋሽ መኮንን እሑድ እሑድ አዳማ ወዳለው ቤታችን ይመጣና በረንዳው ላይ አቁሞ ዘር ያስቆጥረን ነበር። እስከ ሰባት ቤት። ብርቱካን ይዞልን ስለሚመጣ የአያቶቼ ስም እስከ ዛሬ የብርቱካን ልጣጭ ይሸተኛል። እኔ አራተኛው ላይ እደናቀፋለሁ። ሰናይት ግን ሳትተነፍስ ሰባቱንም ትወጣቸዋለች። አንድ እሑድ እንደጨረሰች፣ «የእማዬስ እናቶች?» አለችው።

«የእናት አይቆጠርም» ብሎ ሳቀ።

«ለምን? እነሱ አልወለዱም?»

ጋሽ መኮንን የዚያን ቀን ብርቱካኑን ለእኔ ብቻ ሰጠኝ። እኔም በላሁት።

እማዬ ራሷ ከእናቷ ከዲንቂ በላይ አታውቅም ነበር። ዲንቂ በልጅነቷ ስለሞተችባት ያደገችው አዳማ፣ ዘመድ ቤት ነው። «ቡልቡላ ያሉት አኮ ያውቃሉ» አለችን። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ እኛ እንደዚያ የምንላቸው የዲንቂን ወንድም ሚስት ነበር። በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ይዛን ሄደች። ሚኒባሱ መቂ ላይ ሲቆም የሽንኩርት ሽታ በመስኮቱ ገባ። ሰናይት መንገዱን ሙሉ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ እንደያዘች ነበር።

አኮን ግራር ጥላ ሥር በቆሎ ሲፈለፍሉ አገኘናቸው። ሰናይት ሰላምታውን በቅጡ ሳትጨርስ የዲንቂን እናት ስም ጠየቀቻቸው። አኮ የያዙትን አስቀመጡ።

«ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ እሱን እኔ አልለውም።»

ለካ የዲንቂ እናት የአኮ አማት ነች። በአገራቸው ወግ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። አማቷ ሞታም አትጠራም። የአኮ ባል ሞተዋል፣ የባላቸው ወንድሞችም አልፈዋል። ስሙን የሚያውቅ እሳቸው ብቻ ቀሩ፤ እሳቸው ደግሞ አይጠሩትም።

እማዬ «በቃ ተያቸው» አለች። ሰናይት ግን ሰፌዱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ አብራቸው መፈልፈል ጀመረች። «እኔ ልጥራ፤ እርስዎ ዝም ይበሉ» አለቻቸው። «ጫልቱ?» አኮ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ። «ቡልቱ? በዳቱ? ሎሚ?» የጎረቤት ሴቶች ወሬውን ሰምተው መጡ። የምታውቀው ስም ሲያልቅባት እነሱ ያቀብሏት ጀመር።

«እስቲ የእኔን አያት ስም ሞክሪ!» አለች አንዷ።

«ያንቺን አያት ደሞ ማን ይፈልጋታል!» አለቻት ሌላዋ።

ሳቅ በሳቅ ሆንን። ጥላው ዞሮ ፀሐዩ ጀርባችንን ያዘው። ሰናይት አልተነሣችም። በመጨረሻ ከአንዷ ተቀብላ «ደርባቴ?» ስትል የአኮ እጅ ቆመ። የነጠላቸውን ጫፍ አንሥተው አፋቸውን ሸፈኑ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሰናይት ደብተሯ ላይ ጻፈች።

አባታችን ሲሞት ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ ልብስ ፋብሪካ የገባችው ይህቺው ልጅ ናት። ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ ኮሌታ እየሰፋች እኔን አሥራ ሁለተኛ አስጨረሰችኝ። ከዚያ ታመመች። ስለ ሕመሟ አልጽፍም፤ አልችልም።

ቀብሯ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እኔ ነኝ የጻፍኩት። «ሰናይት የወርቅነሽ ልጅ ናት፤ ወርቅነሽ የዲንቂ፣ ዲንቂ የደርባቴ» አልኩ። ወርቅነሽ እማዬ ናት። ቀጥዬም «ኮሌታ እየሰፋች ወንድሟን አስተማረች» አልኩ። ጋሽ መኮንን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ከእጄ ወሰደው። አነበበና እስክሪብቶ አወጣ። «ይሄ ምን ያደርጋል? ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል» አለ። ሁለቱንም መስመር ሰረዘ። በምትኩ የራሱን አያት ጨመረበት፤ ባላምባራስ እንደነበሩ፣ ፈረስ እንደሚወዱ። ፈረስ! ያ ሁሉ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ የባላምባራሱን ፈረስ ሰማ። እህቴ «በግል ሥራ ትተዳደር ነበር» ተባለችና አፈር ለበሰች። እኔስ? ቆሜ ሰማሁ። ያኔ ብርቱካኑን እንደበላሁት።

ባለፈው ቅዳሜ አርባዋ ነበር። አኮ በሰው ተደግፈው ከቡልቡላ መጥተው ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠዋል። ጸሎቱ እንዳበቃ ተነሣሁ። ሰው ፊት መናገር አልችልበትም፤ ቢሆንም ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ።

«ተቀመጥ ልጄ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርህ» አለ ጋሽ መኮንን።

«አልቀመጥም፣ ጋሼ።»

የተሰረዘውን አነበብኩ። ደርባቴ ስል አኮ የነጠላቸውን ጫፍ አንሥተው አፋቸውን ሸፈኑ። ያኔ ልጆች ሆነን ስሙን ስንፈልግ ስቀን ነበር። አሁን የሳቀ የለም። እሳቸው ያንን ስም ዕድሜያቸውን ሙሉ ያልጠሩት አክብረውት ነው። ጋሽ መኮንንን ግን የከለከለው ወግ አልነበረም።

ያኔ አንድ ስም ለማግኘት የአንድ መንደር ሴቶች በሙሉ ሥራ ፈትተው አብረውን ቆጠሩ። ዛሬ ለማጥፋት አንድ እስክሪብቶ በቃው። እማዬ ወረቀቱን በንጹሕ ገልብጠው ትለኛለች። አልገለብጠውም። ስረዛውም ይታይ።