ውሃ ማፍያ ያቀፈችው ልጅ

ወደ ካርዲፍ በሚሄደው ባቡር ላይ ሻይ የምታዞረው ግሌኒስ ልጅቷን ከዚያ በፊት አይታት አታውቅም። ልጅቷ የተሽከርካሪ ወንበሯን ጎማ በቢጫ ክር አስጊጣዋለች፤ ጭኗ ላይ አዲስ ውሃ ማፍያ ከነካርቶኑ አቅፋለች። የአካል ጉዳተኞች ድጎማ ቢሮ ደውላ ወረፋ እየጠበቀች ነው፤ ከስልኩ የሚወጣውን የማስጠበቂያ ሙዚቃ ተከትላ ታንጎራጉራለች። በዚያ ዜማ ያልተማረረ ሰው በአገሩ የለም። አብሮት የሚያንጎራጉር ግን ግሌኒስ ያየችው ገና ዛሬ ነው።

ሙዚቃው ቆመ። ፉርጎው በሙሉ ጆሮውን ጣለ።

«አድራሻ ለማስቀየር ነው። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ» አለች ልጅቷ።

«እስካሁን ስላንቺ የሚያናግሩን እናትሽ ነበሩ» አለ የቢሮው ሰው፣ ድምፁ ከስልኩ ለሁሉም እየተሰማ። «አጠገብሽ አሉ?»

«እቤቷ ናት። ከዛሬ ጀምሮ የሚያናግሩት እኔን ነው።»

«አዲሱ ቤትሽ ማን አብሮሽ ይኖራል?»

«ማንም። ብቻዬን ነኝ» አለች፣ የምሥራች እንደሚያበስር ሰው።

ግሌኒስ ሻዩን መቅዳት ረስታ ቆማለች።

«ሌላ የተለወጠ ነገር አለ?»

ልጅቷ ማፍያውን ጠበቅ አድርጋ አቀፈችው።

«እግሬ ያው ነው» አለች። «የቀረው ግን ሁሉም ተለውጧል።»