ሙደዐም የሚል ወተት

ሱፐርማርኬት ገብቼ የካርቶን ወተት ባነሳሁ ቁጥር እዚህ ዓረብ አገር፣ አጅማን፣ እህቴ ሳለች የነበረችው ክፍላችን ትናፍቀኛለች። ቢድ ስፔስ ናት፣ አልጋ በአልጋ የምትከራይ፤ ታላቅ እህቴ ከታችኛው አልጋ፣ እኔ ከላይኛው። የኩሽናው ወረፋ ሰው ያጣላ ነበር። ምን አለኝ፣ እህቴ ነበረችባት።

እኔ አል ሪጋ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ። እሷ ሻርጃ አንዲት ማዳም ቤት ጎህ ሳይቀድ ገብታ ሲመሽ ትወጣ ነበር። እንዲህ ዓመታት ቆይታ እግሯን ያማት ጀመር። ማዳም «ደረጃውን ካልቻልሽው ኸላስ፣ ሌላ ሰው አመጣለሁ» አለቻት። ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ «ፀሐይ አጥተሻል» አላት። አስፋልቱ በሚቀልጥበት አገር! ቪታሚን ዲ የተጨመረበት ወተት በየቀኑ እንድትጠጣ ነገራት።

ገዝቼ ቀዳሁላት። እህቴ በልጅነቷ ሼህ ዘንድ ቁርኣን ቀርታለች፤ የዓረብኛ ፊደል አንድ በአንድ ታነባለች፣ ቋንቋውን ግን ከኩሽና ወሬ አልፋ አታውቀውም። ካርቶኑን አንስታ በጣቷ እየተከተለች «መ... ደ... ዐም» አለችና ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«ደም አለበት።»

«እትዬ፣ ወተት እኮ ነው!»

«ደም በዓረብኛም ደም ነው። ይኸው ደግሞ ፊታሚን ብሎ «ደ»ን፣ ዳልን፣ ለብቻዋ አስቀምጧታል። ዳል የምን መጀመሪያ ናት?»

እኔ አሊፍን ከዱላ አልለይ። ተናድጄ ወተቱን ራሴ ጨለጥኩት። እሪያ የበላሁ ይመስል አየችኝ። ከወሎ ስንወጣ እናታችን አደራ ያለቻት አንድ ነገር ነው፤ ሐራም አፋችን እንዳይገባ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ? እሷ እቴ፣ እግሯ ይቀራል እንጂ አደራዋን አትበላም። እኔ ደግሞ የምፈራው እግሯን ነበር።

ጁምዓ ዕለት «ያላ፣ ተነሺ» ብዬ ካርቶኑን በአባያዬ ሸፍኜ ሰፈራችን ወዳለው መስጊድ ወሰድኳት። ኢማሙ ሱዳናዊ ሽማግሌ ናቸው። እህቴ በተሰባበረ ዓረብኛዋ የደሙን ነገር ነገረቻቸው። ካርቶኑን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ሙደዐም ነው ልጄ።» ቃሉ እንዲገባን ተነሥተው በመዳፋቸው ግድግዳውን ተደገፉ። «እንዲህ፤ የተደገፈ። ወተቱ በቪታሚን ተደግፏል።»

እህቴ አፈረች፤ ግን ከያዘች መች ትለቃለች? «ቪታሚኑስ ከምን መጣ?» አለች። ኢማሙ ሳቃቸውን ተዉ። «ይኼስ እውነተኛ ጥያቄ ነው። አላውቅም፤ ጠይቄ እነግርሻለሁ።»

ያንን ሳምንት እያነከሰች ሥራ ሄደች። በሚቀጥለው ጁምዓ ኢማሙ ራሳቸው ጠሩን። ወተቱን የሚያመርቱትን አስጠይቀዋል። ቪታሚኑ የሚወጣው በበግ ፀጉር ላይ ካለው ቅባት ነው፤ በሕይወት ካለ በግ የተሸለተ ፀጉር ደግሞ ንጹሕ ነው። «ጠጪ» አሏት።

«የበግ ፀጉር? ዋላሂ፣ እኛ ባና ሠርተን ስንለብሰው ኖርን እንጂ እንደሚጠጣ ማን ነገረን!» አለች እህቴ።

እቤት እንደገባን ቢስሚላህ ብላ ጠጣች። የላይኛው ከንፈሯ ላይ የቀረውን ነጭ ጢም ሳይ እየሳቅሁ እንባዬ መጣ። ከወራት በኋላ የማዳምን ደረጃ መደገፊያውን ሳትይዝ ወጣችው።

አሁን አገሯ ገብታለች። ኮምቦልቻ ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ትደውልልኛለች። «አንቺ ልጅ፣ ወተቱን ትጠጫለሽ?» ትለኛለች። እጠጣለሁ። እኔም ጨለማ ለብሼ ወጥቼ ጨለማ ለብሼ ነው የምገባው፤ ጉልበቴን ይቆረጥመኝ ጀምሯል። ታችኛው አልጋ ላይ ሌላ ሰው ይተኛል።

ትናንት ካርቶኑን አንስቼ፣ ከመሄዷ በፊት ባስቆጠረችኝ ፊደል፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ሙደዐም። ወተቱስ ድጋፍ አለው። የእኔዋ ድጋፍ ኮምቦልቻ ነው ያለችው።