ሬዲዮም ሶንጎ ነው

ባለፈው ሳምንት ዲላ ውስጥ አንድ ስብሰባ ላይ ተጋብዤ ነበር። አዳራሹ ፊት ለፊት «የመገናኛ ብዙኃን ሚና በዴሞክራሲያዊ ማኅበረሰብ» የሚል ሰፊ ጨርቅ ተሰቅሏል። ጡረታ የወጣ ጋዜጠኛ ለመዝጊያ ንግግር ይፈለጋል፤ ለሌላማ ማን አስታውሶት! ጥናት አቅራቢዎቹ አነበቡ፣ አነበቡ። የጥያቄ ጊዜ ሲደርስ መድረክ መሪው ሰዓቱን አየና «ምሳ ቀርቧል፤ ወደ መዝጊያው እንለፍ። ጥያቄ ያላችሁ በሻይ ሰዓት» አለ። ከኋላ የተነሱት እጆች ቀስ እያሉ ወረዱ። ያኔ እትዬ ራሔል ትዝ አሉኝ።

ወጣት ሳለሁ ዲላ በነበረች ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ በኮንትራት ዜና አነብ ነበር። ወቅቱ የቡና ለቀማ ነው። በጪጩ በኩል የሚመጣው መንገድ በጭነት መኪና ይጨናነቃል፤ የተፈለፈለ እሸት ቡና ኮምጠጥ ያለ ሽታ ከልብስ አይለቅም። እኔ ቆጮዬን በጎመን በልቼ፣ አቮካዶ ደርቤበት፣ ድምፄ እንዲያምር ሞቅ ያለ ውሃ ጠጥቼ እገባለሁ። አንድ ምሽት በአንዲት የገጠር መንደር ቦኖ ተተክሎ ሕዝቡ ንጹሕ ውሃ መጠጣት እንደጀመረ አነበብኩ። የወረዳው ኃላፊ ድምፅም ተከተለ። በንባቤ ረክቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ራሔል ከዚያች መንደር በእግራቸው መጡ። ጫማቸው ቀይ ጭቃ ቢሆንም የለበሱት የቤተክርስቲያን ልብሳቸውን ነበር። በሩ ላይ ቆመው፣

«ትናንት ኃላፊው ተናገረ፣ ውሃ መጣች ብሎ። እኔ ቁጭ ብዬ ሰማሁ፣ አላቋረጥኩም። አሁን ተራዬ ነው፤ ቦኖው ደረቅ ነው» አሉ።

ጌዴኦዎች የሚመክሩበትን ሸንጎ ሶንጎ ይሉታል። እዚያ የሚናገር ሰው አይቋረጥም፤ ጨርሶ ሲቀመጥ ግን ተራው የሰሚው ነው። እትዬ ራሔል ሬዲዮንም እንዲሁ ነበር የቆጠሩት።

አለቃችን ጋሽ መኮንን ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ፈሪ ነበሩ እንጂ። ሳቁ።

«እናቴ፣ ሬዲዮ ሶንጎ አይደለም እኮ! እኛ እንናገራለን፣ እናንተ ትሰማላችሁ።»

«አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ ይሰማል አይደል? ታዲያ ሶንጎ ካልሆነ ምንድነው?»

«ጋሼ፣ ቦኖው ደረቅ ከሆነ ያነበብነው ውሸት ነው» አልኩ። ኮንትራቴ ሊታደስ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ጋሽ መኮንን ገላመጡኝ። «በል፣ ድምፃቸውን ቅዳና እናየዋለን» አሉ። «እናየዋለን» የተባለ ነገር ከመሳቢያ እንደማይወጣ ሁላችንም እናውቃለን። እትዬ ራሔል ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይሆንም። ኃላፊውም ይምጣ። ሰው በሌለበት አይወራም።»

ብለው በሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጡ። አላፊ አግዳሚው «ምን ሆነው ነው?» ሲላቸው ይነግሩታል። እኩለ ቀን ሲሆን የጭነት መኪና ሾፌር ሁሉ ስለ ቦኖው ያወራ ነበር። ዜናው በማሰራጫው ሳይሆን በበሩ ወጣ። ጋሽ መኮንን ቸገራቸውና ለኃላፊው ደወሉ፤ ሰውየውም ደግነቱ መጣ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ማይኩን ከፈትኩ። እትዬ ራሔል ይጮሃሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ልጃቸውን እንደሚያናግሩ ሆነው፣

«ልጄ፣ ውሃ መጣች ያልከው አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?» አሉት።

ሰውየው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ሪፖርት ደርሶኝ ነው፣ እናቴ።»

«እኔ ከቦኖው ነው የመጣሁት። ደረቅ ነው። ጨረስኩ፤ ተራው ያንተ ነው።»

ሰውየው «ነገ አብረን ሄደን እናያለን» አለ። እውነትም ሄደ። ውሃው የመጣው ግን ቆይቶ ነው፤ ያውም አንድ ቀን እየወረደ፣ ሌላ ቀን እየጠፋ። ኮንትራቴንም ጋሽ መኮንን እያጉረመረሙ አደሱልኝ። ከዚያ ወዲህ የገጠር ሰው «ተራዬ ነው» እያለ በራችን ላይ መቆም ለመደ፤ ጋሽ መኮንንም አግዳሚ አስጨመሩ።

አዳራሹ ውስጥ ለመዝጊያው ስሜ ሲጠራ የጻፍኩትን ንግግር ኪሴ ከተትኩ።

«እኛ ስንናገር አላቋረጣችሁንም» አልኳቸው። «አሁን ተራው የናንተ ነው።»

መድረክ መሪው አፈጠጠብኝ። አንዲት ወጣት ከመጨረሻው ወንበር እጇን አወጣች፣ ከዚያም ሌላው፣ ከዚያም ሌላው። ደስ አለኝ። እትዬ ራሔል «ዴሞክራሲ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፤ ሰሚም ተራ እንዳለው ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው።

ምሳውን ቀዝቅዞ በላነው።