ያልደነገጠችው ልጄ

ይህ ነገር ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከመካኒሳ ወደ ለቡ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነው የሆነው። ከዚያ ወዲህ ታክሲ በተሳፈርኩ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል።

የምኖረው ለቡ መብራት ኃይል ነው። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። የስፌት መኪናዬ ያለው እዚያው የምንተኛበት ክፍል ጥግ ላይ ነው። የመጀመሪያው ልጄ ናታን ሕፃን ሳለ የመኪናውን ድምፅ ገና ሲሰማ ከእንቅልፉ ነቅቶ ያለቅስ ነበር። ስለዚህ የምሰፋው ባለቤቴ ኤርሚያስ ልጁን ይዞልኝ ሲወጣ ብቻ ነበር። ናታን የተቀመጠበትን፣ ዳዴ ያለበትን፣ «ወፌ ቆመች» ያልንለትን፣ አፉን የፈታበትን ቀን ሁሉ ክትባት ካርዱ ጀርባ ላይ ጽፌያለሁ።

ለሁለተኛዋ ልጄ ለፌቨን ብዙም አልጻፍኩም። ሥራ በዝቶብኝ ነበር። በስድስት ወሯ ተቀመጠች። በሰባት ወሯ «ባባባ፣ ዳዳዳ» እያለች ቤቱን ታደምቀው ነበር። አባቷ በሩን ሲያንኳኳ ገና ሳታየው ትፍነከነካለች።

በስምንተኛ ወሯ ማጅራት ገትር ያዛት። አሥራ ሁለት ቀን ሐኪም ቤት ተኛን። ተረፈች። ቤተ ክርስቲያን ጉባኤው ፊት ቆሜ እያለቀስኩ መሰከርኩ።

ቤት ከገባን በኋላ ግን ተቀምጣ የነበረችው ልጅ መቀመጥ አቃታት። ወደ ጎን ትወድቅ ነበር። በሽታው አድክሟት ነው አልን። «ባባባ» ማለቷም ቀረ። እሱንም በሽታው ነው አልን። ቀስ በቀስ ተመልሳ ተቀመጠች። ዓመት ከስድስት ወሯ ላይ ድክ ድክ ማለት ስትጀምር እፎይ አልን። አፏን አለመፍታቷን ሳነሳ «አትቸኩይ፣ አንዳንዱ ልጅ ይዘገያል» ይሉኛል። ማመን ስለፈለግኩ አመንኩ።

ደግሞም ጸጥ ማለቷን ወድጄው ነበር። እውነቱን ልናገር። መኪናው አጠገቧ እየጮኸ ለጥ ብላ ትተኛለች። ደንበኞቼ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት! እናቷን የምታሠራ!» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ያን ቀን ሁለት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ሲቀራት ነው፤ መካኒሳ ክርና ጨርቅ ገዝቼ እየተመለስኩ ነበር። ፌቨን ጭኔ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታለች። አጠገቤ ሻሽ ያሰሩ፣ እናቴ የሚሆኑ ሴት ተቀምጠዋል። ላፍቶን እንዳለፍን የታክሲው ጎማ ፈነዳ። ቦምብ ነው የመሰለን። እኔ «ኢየሱስ!» ብዬ ጮህኩ፣ ሴትየዋ «ያ አላህ!» አሉ፣ ከኋላ ያለች ልጅ አለቀሰች። ሾፌሩ እንደምንም ዳር ይዞ አቆመ።

ፌቨንን ቀና አድርጌ አየኋት። አሁንም ማሰሪያዋን እየፈታች ነው።

ረዳቱ አይቷት ሳቀ። «ይቺ ጀግና ናት! ንቅንቅ አላለችም እኮ!»

ሰዉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሴትየዋ ግን አልሳቁም። ወርደን ሌላ ታክሲ ስንጠብቅ ከፌቨን ኋላ ሄደው ቁልፋቸውን አንቃጨሉ። ደገሙት። ከዚያ ቀስ ብለው ጠጋ አሉኝ።

«የኔ ልጅ፣ ጆሮዋን አሳይተሻት ታውቂያለሽ?»

«ምን ሆነችና?»

«ጎማው ሲፈነዳ እኔ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። እሷ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።»

«ጨዋ ስለሆነች ነው» አልኩ።

«ጨዋም ልጅ ይደነግጣል። የኔ አራተኛው እንዲህ ነበር፤ አይሰማም ነበር። ዛሬ ነገ ሳልል ላሳየው ይገባኝ ነበር፣ አላሳየሁትም። እባክሽ አንቺ አሳያት።»

ደሜ ፈላ። «ልጄ ላይ ሟርት አይናገሩ! በኢየሱስ ስም!» ብዬ በሰው ፊት ጮህኩባቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው «አውፍ በይኝ» አሉ። ፌቨንን አቅፌ፣ ባጃጅ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ።

ቤት እንደገባሁ ያደረግኩት የመጀመሪያ ነገር ድስትና ክዳን ማንሳት ነው። ፌቨን ምንጣፉ ላይ በቁርጥራጭ ጨርቅ ትጫወታለች። ከኋላዋ ሆኜ መታሁት። ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብሎ መጣ። እሷ ጨርቋን ታጥፋለች።

ኤርሚያስ ሲመጣ ነገርኩት። አላመነኝም። ከኋላዋ ቆሞ «ፌቪ! ፌቪዬ!» አለ፤ ዝም። በኃይል አጨበጨበ። ዞረች!

ተቃቅፈን ዘለልን። «አየሽ? ይኸው ትሰማለች!» አለኝ። ሴትየዋን ረገምኳቸው። ከዚያ ኤርሚያስ ድንገት ለቀቀኝ። ግድግዳውን እያየ ነው። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ የእጁን ጥላ ከፌቨን ፊት ለፊት ጥላዋለች። መጋረጃውን ዘጋና እንደገና አጨበጨበ። አልዞረችም። መዳፉ እስኪቀላ ድረስ አጨበጨበ። በመጨረሻ እጁን ያዝኩት።

የጆሮ ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ስትነግረን ዓይናችንን ማየት ከብዷት ነበር። በሽታው የሁለቱንም ጆሮዎቿን መስማት ወስዶታል። የማዳመጫ መሣሪያ አይረዳትም። በቀዶ ሕክምና የሚገባ ሌላ መሣሪያ አለ፤ ነገር ግን ከማጅራት ገትር በኋላ የውስጥ ጆሮው እያደር ወደ አጥንት ሊለወጥ ይችላል። የእሷ ተለውጧል፤ መሣሪያው ሊገባላት አይችልም።

«ወዲያው እንደዳነች መጥታችሁ ቢሆን…» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም።

ከሐኪም ቤት ሲያስወጡን ጆሮዋን አስመርምሩ ብለውን ይሆን? ምናልባት ብለዋል። እኔ የሰማሁት «ድናለች» የሚለውን ብቻ ነው። የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው። «ባባባ» ማለቷ ሲቀር ቤት ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ልጄ አጠገቤ ሆና አይሰማትም ነበር፤ እኔ ግን ጨዋነቷን ለሰው አወራ ነበር። ሴትየዋንም ይቅርታ የምጠይቅበት አድራሻ የለኝም።

አሁን አምስት ዓመት ሊሞላት ነው። በእጅ ምልክት ውሃ፣ ዳቦ፣ ነይ እንባባላለን። ሌላውን እየተማርን ነው፤ እኔ ይከብደኛል። ስትናደድ መሬት ላይ ተንከባልላ ትጮኻለች፤ ምን ልትለኝ እንደፈለገች አላውቅም። ሰዎች እግዚአብሔር ያውቃል፣ ተስፋ አትቁረጪ ይሉኛል። ተስፋ አልቆረጥኩም ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን ውሸት ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤቴ ሕፃኗን ታቅፋ እየሮጠች መጣች። «ዛሬ እማ አለኝ!» አለችኝ። እልል አልኩላት፤ ከልቤ ነው። ስትሄድ በሩን ዘጋሁ። ፌቨን ጀርባዋን ሰጥታኝ ትጫወት ነበር።

«ፌቨን» አልኩ። ለምን እንደጠራኋት አላውቅም። ደግሜ፣ ጮክ ብዬ፣ «ፌቨን!» አልኩ።

አልዞረችም።