ከዚህ ጉድጓድ ከወጣሁ!

የጎረቤት ልጆች ሲያስቸግሩ «አዞው መጥቶ ይወስድሃል!» ይባሉ ነበር። አርባ ምንጭ ላይ ሐይቁ ቅርብ ነውና ማስፈራሪያው ይሠራል። አባታችን ግን አዞ አያስፈልገውም ነበር፤ የሚያስፈራራን በራሱ ነው። «ዋ! ከዚህ ጉድጓድ ከወጣሁ ወየውላችሁ!»

አባቴ ከተራራው ከኦቾሎ ወርዶ ከተማ የገባ ሸማኔ ነው። በረንዳችን ላይ እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ ድሩን ከፊቱ ወጥሮ፣ መወርወሪያውን ወዲያ ወዲህ እያመላለሰ ሲሸምን ይውላል። ለመውጣት ሥራውን አቁሞ፣ ጨርቁ የተጠቀለለበትን እንጨት ከጭኑ ላይ ማንሳት አለበት። እሱ ደግሞ ለእኛ ብሎ ሥራ የሚያቆም ሰው አልነበረም። ይህን እኔም ታናሽ ወንድሜም አሳምረን እናውቃለን፤ እጁ የማይደርስበት ቦታ ቆመን እንጨፍርበት ነበር። እናቴ ሳይቀር እየሳቀች «እስቲ አንድ ቀን ውጣና እንይህ!» ትለዋለች።

አንድ ቅዳሜ ለማግስቱ ሠርግ የታዘዘ ጋቢ ለመጨረስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ወንድሜ፣ ያ ቀበጥ፣ ግቢያችን ውስጥ ያለው ማንጎ ላይ ወጣ።

«ውረድ! ቅርንጫፉ ደርቋል! ዋ፣ ከዚህ ጉድጓድ ከወጣሁ!»

ወንድሜ ምላሱን አወጣለትና ወደ ላይ ቀጠለ። ቅርንጫፉ ተገነጠለ።

ዱብ ሲል ሰምቼ ወደ አባቴ ዞርኩ። ጉድጓዱ ባዶ ነው። ያ ሁሉ የተለፋበት ድር ተበጣጥሶ ተንጠልጥሏል፤ መወርወሪያው መሬት ላይ ወድቋል። አባቴ ማንጎው ሥር ተንበርክኮ ወንድሜን አቅፎታል።

ወንድሜ አባቴን ከጉድጓዱ ውጭ ሲያየው ሕመሙን ረሳ። «አባባ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም! አትግረፈኝ!» እያለ ጮኸ። አባቴ ግን እጅ እግሩን እየዳሰሰ «የቱ ጋ ነው ያመመህ? ንገረኝ የኔ ልጅ» ይላል፤ መልስ ሳይጠብቅ ደግሞ ይጠይቃል። ወንድሜ ክርኑ ከመላጡ በቀር ደህና ነበር። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ አባቴ ሲፈራ አይቼ አላውቅማ።

እናቴ እኔንም ወንድሜንም እየረገመች የተበጠሰውን ክር ከአባቴ ጋር ስትቀጥል ዋለች። ጋቢው ለሠርጉ ደረሰ።

ሰኞ ጠዋት ጉድጓዱ አፍ ላይ ኳስ ስንጫወት አባቴ እንደ ልማዱ «ዋ! ከዚህ ጉድጓድ ከወጣሁ!» ብሎ ጮኸ።

ወንድሜ ኳሱን በእግሩ አቁሞ «ብትወጣ ምን ታደርገኛለህ? ታቅፈኛለህ!» አለው።

አባቴ ወደ ድሩ አጎነበሰ።