በፊዮርዱ አፍ ላይ የቀረው ጭቃ

ጉደር ከተማ ጂኦግራፊ ለማስተማር ሥራ የጀመርኩ ቀን ርዕሰ መምህሩ አንድ ፓኮ ጠመኔና መጽሐፍ ሰጡኝና፣ የትምህርት መርጃ ከፈለግሽ ኦቦ ገመቹን ጠይቂ አሉኝ። ገመቹ የትምህርት ቤቱ አናጢ ነበር። በኋላ ባሌ ሆነ።

የሰባተኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ፊዮርድ የሚያወራ ትምህርት ነበር። ከተማሪዎቼ ባሕር ያየ የለም፤ እኔም አላየሁም። ስለዚህ ከጉደር ወንዝ ጀመርኩ። ወንዝ ሸለቆውን ከታች አጥብቦ ይቆርጠዋል። እዚያ አገር ግን የቆፈረው በረዶ ነው። ተራራ የሚያህል በረዶ፣ መሄዱ ለዓይን ሳይታወቅ እየተንሸራተተ፣ ወለሉን እንደ ገንዳ አስፍቶ ይፍቀዋል። በረዶው ቀልጦ ሲያልቅ ባሕሩ ይገባበታል። ፊዮርድ ማለት ተራራ መካከል ገብቶ የተኛ ባሕር ነው።

ገመቹ ረጅም ሳጥን ሠርቶ ጭቃ ሞላልኝ። በረዶውን፣ ውሃው ላይ ጠጠር ጨምሮ፣ አንድ ሆቴል ፍሪጅ ውስጥ አስቀዝቅዞ ያመጣ ነበር። የሆቴሉ ባለቤት ጠጠር የሚያስቀዘቅዝ ሰው አይተው እንደማያውቁ ነግረውታል። በረዶውን በገመድ ስንጎትተው ጭቃውን እየፋቀ ይሄዳል፤ ከዚያ ውሃ እናፈስበታለን።

እኔ የፊዮርድ አፍ፣ ከውጭው ባሕር ጋር የሚገናኝበት፣ ከሁሉ ይጠልቃል ብዬ አስተምር ነበር። መጽሐፉ ስለ አፉ ምንም አይልም፤ ወደ ባሕር የቀረበ ሁሉ ይጠልቃል ብዬ ገምቼ ነው። በረዶው ግን የገፋውን ጭቃ አፉ ላይ ይከምረዋል። ስለዚህ ጭቃውን በገመቹ አስጠርግ ነበር።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ገመቹ፣ «በየዓመቱ እዚሁ ነው የሚከመረው። ለምንድን ነው የምንጠርገው?» አለኝ።

«ፊዮርዱን ስለሚዘጋው።»

«ታዲያ ይዝጋው።»

«አንተ ፊዮርድ አይተሃል?»

«አንቺስ?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እሱም ጠረገው። አሥራ ስምንት ዓመት ጠረገው።

እሱ በሞተ በዓመቱ በረዶውን ብቻዬን ጎተትኩ። አንድ እጄ ገመዱን፣ አንዱ ሳጥኑን ስለያዘ ጭቃው ሳይጠረግ ቀረ። ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ጫልቱ የምትባል ተማሪ ማስመሪያዋን ነከረችበት።

«ቲቸር፣ አፉ ጋ ጥልቀት የለውም። ውስጡ ነው የሚጠልቀው።»

ተሳስተሻል ልላት ነበር። አይቼ እነግርሻለሁ አልኳት።

ቅዳሜ አምቦ ሄጄ ከአንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ወፍራም መጽሐፍ ተዋስኩ። በረዶው የገፋውን አፈርና ድንጋይ አፉ ላይ ትቶት ስለሚቀር፣ ብዙ ፊዮርድ መግቢያው ላይ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፣ ውስጡ ግን እጅግ ጥልቅ ነው ይላል። ሥዕሉም አለው። የገመቹን ሳጥን ይመስላል፣ ሳይጠረግ።

ሰኞ ክፍል ገብቼ፣ ስለ አፉ ያስተማርኳችሁ ስህተት ነው፣ ትክክሉ ኦቦ ገመቹ ያለው ነው አልኩ። ደብተራቸውን አወጡ።

ጫልቱ፣ «ኦቦ ገመቹ ያሉት የሚለውም ይጻፍ?» አለች።

«ይጻፍ» አልኩ።

ሳጥኑ አሁንም መርጃ ክፍሉ ውስጥ አለ። ለምትረከቡት መምህራን፦ አፉ ላይ የሚከመረው ጭቃ አይጠረግም።