ያቋረጥኩት ሰላምታ

ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አንድ ክንድ የማትሞላ የቃጫ ገመድ አለች። ልጆቼ ቆሻሻ መስላቸው ሊጥሏት ሲሉ ተቆጥቻቸዋለሁ። ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ አየሩ እርጥበት ሲይዝ ገመዷ ዛሬም ትሸታለች። የጭስና የወተት ዕቃ ሽታ ነው፣ ትንሽ የፍየልም አለበት። ያን ሽታ ባገኘሁ ቁጥር ዕድሜዬ ተመልሶ አሥራ ዘጠኝ ይሆናል፤ ደረቴ ላይ ባጅ አንጠልጥዬ ከነገሌ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ተቀምጫለሁ።

ነገሩ የምርጫ ነገር ነው። አባቴ ለወረዳው ምክር ቤት በግሉ ተወዳድሮ ነበር። ከሰሜን መጥቶ ነገሌ የቀረ የጤና ረዳት ነው፤ ግማሽ ዕድሜውን መርፌና ክኒን በሻንጣ ይዞ በየመንደሩ ሲዞር ኖሯል። ስሙን የሚጠራው ሰው ጥቂት ነበር፣ ለሁሉም "ሀኪሙ" ነው። ገዢው ፓርቲ አባል ሁን ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆታል። ሁለቱንም ጊዜ "እስቲ ላስብበት" አለ። እናቴ እንደምትለው፣ አባቴ "ላስብበት" ካለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ለመወዳደር የተነሳው በአንድ ነገር ብቻ ነበር። የዚያች ቀበሌ የውሃ ጉድጓድ ሞተር ከተበላሸ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። አባቴ በየስብሰባው እጁን አውጥቶ ስለ ሞተሩ ያነሳል፣ "ይያዝልን" ይባላል፣ ተይዞ ይቀራል። "ውስጥ ገብቼ ብጮህ ሳይሻል አይቀርም" አለ አንድ ቀን ምሳ ላይ። እናቴ ማንኪያዋን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየችው።

የምርጫ ምልክት ውሰድ ሲሉት መርፌ ፈለገ፣ መርፌ የሚባል ምልክት የለም። ጥሩ ጥሩው አልቆ ጃንጥላ ደረሰው። ዝናብ በጠፋበት አገር ጃንጥላ ይዞ "ምረጡኝ" ማለት ምን ያህል እንደሚያስቅ አስቡት። ጎረቤቶቻችን ሳቁ፣ እሱም አብሯቸው ሳቀ።

ፓርቲው መኪና ነበረው፣ መኪናው ላይ ሞንታርቦ ተጭኗል፣ ቲሸርትና ኮፍያ እያደለ መንደር ለመንደር ይዞራል። አባቴ ያለው እኔን ብቻ ነበር። ተወዳዳሪ ሁሉ በየምርጫ ጣቢያው ታዛቢ ማስቀመጥ ይችላል ሲባል ወደዚያች ቀበሌ ላከኝ፤ ሰው በብዛት ይመርጠኛል ብሎ ተስፋ ያደረገው እዚያ ነበር። እናቴ ቀሚሴን ተኮሰች። የነገሌ ጦር ሰፈር መለከት ሲነፋ ተነስቼ፣ ፀሐይ ሳትወጣ በሞተር ሳይክል ሄድኩ።

ክፍሉ የጠመኔና የሌሊት ወፍ ይሸታል። ጥግ ላይ በአንሶላ የተጋረደች ቦታ አለች፣ መራጩ ብቻውን ገብቶ ምልክት የሚያደርግባት። ከአንሶላው ሥር የሚታየው እግር ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የተሸፈነ ነገር አያስቀምጠኝም፣ ቀኑን ሙሉ ያንን እግር ስመለከት ዋልኩ። አንዳንዱ ገብቶ ወዲያው ይወጣል። አንዳንዱ ይቆያል፣ በአንድ እግሩ ይቆማል፣ ሌላውን ያካል። ምን እያሰበ ይሆን? ማንን ፈርቶ ነው የዘገየው? አጠገቤ የተቀመጠውን የፓርቲውን ታዛቢ፣ ከግብርና ቢሮ የመጣ ትሁት ወጣት ነበር፣ "አንተ አይገርምህም?" አልኩት። "ምኑ?" አለኝ።

እስከ ቀትር የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። የሞተሩ ውሃ ስለሌለ መንደሩ ከብቱን እየነዳ ሩቅ ወዳለው ጉድጓድ ወርዷል። አባቴን ሊመርጡ የሚችሉት ሰዎች አባቴ ሊያስጠግን በተነሳው ሞተር ምክንያት አልመጡም።

ከቀትር በኋላ አንድ ሽማግሌ መጡ። ከሩቅ መንደር በእግራቸው ተጉዘው፣ ቀዩ አቧራ እስከ ጉልበታቸው ደርሶ፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው በሩ ላይ ቆሙ። ከላይ ኩታ ጣል አድርገዋል። ከሥር የለበሱት ግን የፓርቲውን ቲሸርት ነበር፣ እጥፋቱ ገና ያልለቀቀ። የጣቢያው ኃላፊ፣ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ነው፣ "እሱን ይሸፍኑት አባ፣ እዚህ አይፈቀድም" አላቸው። ኩታቸውን ሰብሰብ አደረጉ። አጠገቤ ያለው ታዛቢ ፊቱ ሲበራ አየሁት።

ሽማግሌው ሰላምታ ጀመሩ። የቦረናና የጉጂ ሰላምታ እንዲህ በጥድፊያ የሚያልቅ አይደለም። "አካም? ናጋ?" ይባላል፣ እንዴት ነሽ፣ ሰላም ነው ወይ ለማለት፣ ከዚያ ከብቱ ሰላም ነው ወይ፣ ልጆቹ፣ ውሃው፣ መንገዱ፣ ዝናቡ፣ እያለ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ "የማን ልጅ ነሽ?" ይመጣል። ጉዳይ የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው። እኔ በዚህ ሰላምታ ውስጥ ነው ያደግኩት፣ ኦሮምኛውን ከአማርኛው እኩል ነው አፌን የፈታሁበት። ያን ቀን ግን ባጅ አድርጌያለሁ። ሁለተኛው "ናጋ" ላይ ስንደርስ አቋረጥኳቸው።

"አባ፣ ካርድዎን ይዘዋል?" አልኩ በአማርኛ፣ እንደ ቢሮ ሰው።

ከዚያ ከኩታቸው እጥፋት ውስጥ አንድ እስር አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የመራጭ ካርድ ነው፣ በቃጫ ገመድ የታሰረ። ኃላፊው ቆጠረው፣ ከሳቸው ሌላ ሠላሳ አራት።

"የማን ነው ይሄ ሁሉ?"

"የመንደሩ ነው" አሉ፣ በሰባራ አማርኛ። "ሰው ውሃ ሄደ። ቃሉን እኔ ያዝኩ፣ መጣሁ።"

ከዚያ ወደ ኦሮምኛ ገቡ። ሁለት ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጠው ተማክረዋል። የተስማሙበትን አንድ ሰው ይዞ ይሄዳል፣ ሁልጊዜም እንዲህ ነው። የተባለን ነገር ለመድገም ሠላሳ አራት ሰው ከብቱን ጥሎ ለምን ይምጣ? እኔ ታዛቢነቴን ረስቼ "የተቃወመ አልነበረም?" ብዬ ጠየቅኩ። "አንድ ነበረ" አሉ። "እስኪስማማ ጠበቅነው። ሁለት ቀን የፈጀው ለዚያ ነው።" ወደ አንሶላው በዱላቸው አመለከቱ። "እዚያስ ምን አለ?" ሰው ብቻውን የሚወስንበት ነው አልኳቸው። "ብቻውን?" አሉ። "ከማን ጋር ተማክሮ?"

ኃላፊው የመመሪያውን መጽሐፍ እያገላበጠ አላበው። "ለማን እንደሆነ ብቻ እንዳይናገሩ፣ እዚህ ክልክል ነው" አለ። መጽሐፉን ዘጋና ወደ እኛ ዞረ። "ታዛቢዎች፣ ምን ትላላችሁ?"

የፓርቲው ታዛቢ ዓይኑን ከኩታው ጫፍ ላይ አላነሳም፣ ቲሸርቱ ትንሽ ብቅ ብሏል። "ሽማግሌ ናቸው፣ ከሩቅ ነው የመጡት" አለ በለሆሳስ። "ባህላቸው ከሆነ እኔ አልቃወምም።"

እኔም ያንኑ ቲሸርት ነበር የማየው። ሠላሳ አራት ድምፅ በአንድ እስር ለፓርቲው ሊገባ ነው ብዬ አሰብኩ፣ አባቴ ሊቀበር ነው። ብድግ አልኩ። "እኔ እቃወማለሁ። መራጭ ራሱ ቀርቦ ነው የሚመርጠው። ቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።" ድምፄ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ይመስል ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል። ኃላፊው እፎይ ብሎ ጻፈ፣ ፈረምኩ።

ሽማግሌው አልተከራከሩም። የራሳቸውን ካርድ ሰጡ፣ ጣታቸው ቀለም ተቀባ፣ አንሶላው ሥር እግራቸው ታየኝ፣ ቶሎ ወጡ። ሌላውን ካርድ ሰብስበው ኩታቸው ውስጥ ከተቱ፤ ገመዷ ጠረጴዛው ላይ ቀረች። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉና ያቋረጥኩትን ሰላምታ ከነበረበት ቀጠሉት።

"ኢንተላ ኤኙቲ?" አሉኝ። የማን ልጅ ነሽ ማለታቸው ነው።

"የሀኪሙ።"

እዚያው ቆመው ቀሩ። እኔ ተከትያቸው ወደ ደጅ ወጣሁ። "የሀኪሙ" አሉ ቀስ ብለው። "እንግዲያ ንገሪው። ቃላችን እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር በይው።"

ወደ ቲሸርቱ እያመለከትኩ "ይሄስ ልብስ?" አልኳቸው። ደረታቸውን ዝቅ ብለው አዩት፣ የለበሱትን ያኔ ገና ያዩት መሰለኝ። "ሰጡኝ" አሉ። "የድሮው ተቀዷል።"

"ይቆዩ" ማለት እችል ነበር። ወደ ውስጥ ሮጬ ተቃውሞዬን አንስቻለሁ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ሕጉን አክብሬ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ፣ አፍሬ ነው። ሽማግሌው ከትምህርት ቤቱ ማዶ ያለውን ደረቅ ወንዝ እስኪሻገሩ ቆሜ አየኋቸው፣ ስገባ ገመዷን አንስቼ ኪሴ ከተትኩ።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። ሽማግሌው ካርድ ይዘው እንደመጡ፣ እንዳልተፈቀደላቸው።

"የከለከለው ማነው?"

"እኔ።"

"ለማን እንደመጣ ታውቂ ነበር?"

"አዎ፣ ነግረውኛል" አልኩ። መቼ እንደነገሩኝ አልጠየቀኝም። እኔም አልጨመርኩም።

በማግስቱ ውጤቱ ወረዳው ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አባቴ በሃያ ዘጠኝ ድምፅ ተሸንፏል። ቁጥሩን በጣቱ እየተከተለ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ትከሻዬን አቀፈኝና እዚያ ለቆመው ሰው ሁሉ እየሳቀ "ይህቺ ልጄ ለኔ የመጣውን ድምፅ ሕግ አይፈቅድም ብላ የመለሰች ናት!" አለ። ሰው አጨበጨበ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እስኪሞት ድረስ ሲያወራው ኖረ። ሠርግ ላይ፣ ክሊኒክ ውስጥ፣ ባጃጅ ነገሌን ካጥለቀለቃት ወዲህ ደግሞ ለማያውቀው የባጃጅ ሹፌር ጭምር። ሞተሩ ከዓመታት በኋላ ተጠገነ፣ የመረቁት ሌሎች ናቸው፤ ለአባቴ ግን ከዚያ ሁሉ የቀረለት ትልቅ ነገር እኔ ነበርኩ። ድምፁ ለፓርቲው መስሎኝ እንደመለስኩት ልነግረው ብዙ ጊዜ ተነስቻለሁ። ወሬውን ሲጀምር ፊቱ ላይ የሚመጣውን ብርሃን ሳይ እተወዋለሁ። አልነገርኩትም፣ ሳልነግረው ሞተ። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ውስጥ ስለ ሕይወቱ ሲነበብ ያች ታሪክም ተነበበች፣ ሰው እያነባ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። መሬት መሬት አየሁ። በዚያን ሰዓት እኚያ የካርዱ ሽማግሌ በአንድ ወጣት ክንድ ተደግፈው ከድንኳኑ ደጃፍ ደረሱ። ዓይናቸው ፈዟል፣ አላወቁኝም።

ተነስቼ ሄድኩና እጃቸውን ያዝኩ። "አካም? ናጋ?" አሉኝ። ናጋ ነው አልኳቸው። ስለ ከብቱ ጠየቁኝ፣ ጠየቅኳቸው። ስለ ልጆቹ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ። ስለ ውሃው ሲጠይቁኝም መለስኩላቸው። ከኋላዬ ሰው ይጠብቀኝ ነበር፣ አልቸኮልኩም። መጨረሻው ላይ ደረስን።

"ኢንተላ ኤኙቲ?" አሉኝ።

"የሀኪሙ" አልኳቸው።